የምርምር ሥራ ፍለጋ ከዳባት ሲጀመር



ልጁን አስተምሮ ያስመረቀ ቤተሰብ ሁሉ ከምርቃቱ ማግሥት ጀምሮ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ እርሱም «ሥራውስ?» የሚል ነው። ልጁ በነርስነት፣ በመምህርነት ወይም በሒሳብ ሠራተኛነት የሠለጠነ እንደሆነ ቤተሰቡ ቢያንስ የትኛውን በር እንደሚያንኳኳ ያውቃል። «ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ምርምር መሥራት ነው የምፈልገው» ያለ እንደሆነ ግን አባትና እናት እርስ በርስ ይተያያሉ። ምርምር የት ይቀጠራል? ማንስ ይቀጥራል? ከጎረቤት የሚጠየቅ ሰው የለም። እኛ የምንኖረው ዳባት ነው። ይህ ጥያቄ በታላቅ እህታችን ልጅ ምክንያት በእኛም ቤት ሁለት ዓመት ያህል ሲመላለስ ስለቆየ፣ ያየነውንና ራሳችን የሠራንበትን ለአንባብያን ለማካፈል ወደድን።

ዳባት ከጎንደር በስተሰሜን 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው ጎዳና ላይ ያለች ደጋማ ከተማ ናት። መንገደኛው የሚያውቃት ወደ ስሜን ተራሮች ሲያልፍ በአውቶቡስ መስኮት አይቶ ነው። በጤና ተመራማሪዎች ጽሑፍ ውስጥ ግን ስሟ ደጋግሞ ይነሣል። በ1989 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ ያኔ የጎንደር ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ይባል የነበረው የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ በወረዳችን የገጠር ጤና ፕሮጀክት አቋቋመ። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። በተመረጡ ቀበሌዎች ያለ ቤት ሁሉ ይቆጠራል፤ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን መጣ፣ ማን ሄደ የሚለው ይመዘገባል። ከዚያም መረጃ ሰብሳቢዎች በየስድስት ወሩ እየተመለሱ ያንኑ ይጠይቃሉ። የልደትና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ገና በ2008 ዓ.ም. መሆኑን ያስታወሰ ሰው፣ የአንድ ወረዳ ሰዎች ልደትና ሞት እንዲህ ተከታትሎ መያዝ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ይገባዋል።

እንዲህ ያለ ቦታ የዳባት ብቻ አይደለም። ከሁሉ የቀደመው በ1970ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የቡታጅራው ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በጊልገል ጊቤ፣ ሐሮማያ በቀርሳ፣ መቀሌ በክልተ አውላዕሎ፣ አርባ ምንጭም በራሱ አካባቢ ተመሳሳይ የጥናት ጣቢያ አቋቁመዋል። ይህን የምንዘረዝረው ያለ ምክንያት አይደለም። በእነዚህ ወረዳዎች የሚያድግ ልጅ ምርምር ማለት ነጭ ካባ ለብሶ በመስታወት ቤት ውስጥ መቀመጥ ብቻ አለመሆኑን በአጥሩ በር ላይ ቆሞ አይቶታል። ቅጽ ይዞ «እንደምን አደራችሁ» ብሎ የገባው ሰው የምርምር ሠራተኛ ነበር። ልጁ ግን ያንን ሰው አይቶ «እኔም ይህን ልሥራ» ሲል አይሰማም። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሲመረቅ የሚያየው ከጎንደር ወዲያ፣ ከባሕር ዳር ወዲያ፣ ከአዲስ አበባም ወዲያ ያለውን ነው።

እኛ በወጣትነታችን በልዩ ልዩ ጥናቶች መረጃ ሰብሳቢ ሆነን በዳባት ገጠር ተመላልሰናል። ዝናብና ጭቃ፣ ውሻና ገደል፣ «ከየትኛው መሥሪያ ቤት ነህ? ግብር ልትቆርጥ ነው?» የሚል ጥያቄ ሁሉ የሥራው አካል ነበር። ከሁሉ የሚከብደው ግን ሰው የሞተበት ቤት መሄድ ነው። በሐኪም ቤት ሳይሆን በቤቱ የሞተ ሰው የሞቱ ምክንያት የሚታወቀው ቤተሰቡን በመጠየቅ ነውና፣ የለቅሶው ጊዜ ካለፈ በኋላ መጠይቁ ተይዞ ይኬዳል። ትኩሳቱ ስንት ቀን ቆየ? ሳል ነበረው ወይ? ጡት መጥባት ያቆመው መቼ ነው? መልሱ በቅጹ ላይ ይሰፍርና በኋላ ሐኪሞች አንብበው የሞቱን ምክንያት ይወስናሉ።

አንድ ቀን ሕፃን የሞተባቸው እናት ዘንድ ሄደን ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ጠየቅናቸው። አንድ በአንድ መለሱ። ስንጨርስ «ልጄ፣ ይህን ሁሉ የጻፍከው የእኔን ልጅ አይመልስም፤ ታዲያ ለማን ነው?» አሉን። «ለሚወለዱት ነው፣ እናቴ» አልን። እሳቸውም ትንሽ ዝም ካሉ በኋላ «እንግዲያስ የረሳሁት አለ፤ ጻፈው» ብለው፣ ሕፃኑ ከመታመሙ በፊት በቤቱ ሌላ ሰው ታሞ እንደነበር ነገሩን። ያ መልስ በቅጹ ውስጥ ሊገኝ የቻለው ሴትዮዋ ለማን እንደሚናገሩ ስላወቁ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ከዩኒቨርሲቲ የሚመጣ ማንኛውም ቁጥር ስናይ ከጀርባው እንዲህ ያለች እናት ትታየናለች።

ወደ እህታችን ልጅ እንመለስ። ልጅቱ በስታቲስቲክስ በጥሩ ውጤት ተመርቃ፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፋ ወደ ቤት መጣች። የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚመረቅ ተማሪ ሁሉ የሚወስደው እንደሆነ ይታወቃል። ሐሳቧ ዩኒቨርሲቲ መወዳደር ነበር። አባቷ እህልና ቅመማ ቅመም የሚነግዱ፣ ልጆቻቸውን በላባቸው ያስተማሩ ሰው ናቸው። በሰፈሩ ሁለት ልጃገረዶች ወደ ዐረብ አገር ሄደው ለቤታቸው ገንዘብ ይልካሉ፤ ከእነርሱም የአንደኛዋ አባት ቤቱን በብሎኬት ሠርቷል። ስለዚህ የእኛ ልጅ መመረቂያ ፎቶ በግድግዳው ላይ ተሰቅሎ እርሷ ሱቅ ውስጥ ሚዛን ስትይዝ የሚያይ ሰው ሁሉ ለአባቷ ምክር አያጣም ነበር። «እስከ መጪው ረመዳን ጠብቂ፤ ከዚያ ወዲያ ግን እኔም ሰው ነኝ» አሏት። ቁጣ አልነበረበትም። ድካም ነበረበት። ጊዜውም ዓመት አይሞላም ነበር።

እኛም በዚያን ጊዜ ገባንበት። መጀመሪያ ያደረግነው ለአባቷ ሥራው ምን እንደሆነ መናገር ነው። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ምርምር ብቻ ለመሥራት በቋሚነት የሚቀጠር ሰው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ተመራማሪ መምህር ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው ዕድል ካገኘ «ረዳት ምሩቅ» ሆኖ ይገባል፤ ተማሪዎች «ጂ.ኤ.» የሚሉት ይኸው ነው። ሁለተኛ ዲግሪ ሲይዝ ሌክቸረር፣ ከዚያ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር፣ በመጨረሻም ፕሮፌሰር ይሆናል። ደረጃው ረጅም ነው፤ የሚወጣውም እያስተማሩና ጥናት እያሳተሙ ነው። ሁለተኛው መግቢያ ደግሞ ፕሮጀክት ነው። መምህሩ የጥናት ገንዘብ ሲያገኝ መረጃ ሰብሳቢ፣ ተቆጣጣሪ፣ የመረጃ ክፍል ሠራተኛ፣ የቤተ ሙከራ ባለሙያ፣ አስተባባሪ እያለ ለጥቂት ወራት ወይም ለአንድ ሁለት ዓመት በኮንትራት ይቀጥራል። ይህ ሥራ ሲያልቅ ያልቃል። ነገር ግን በሁለተኛው በር ያለፈ ሰው በመጀመሪያው በር ሲቆም የሚናገረው ነገር አለው። አባቷ ይህን ከሰሙ በኋላ «ያ ቅጽ ይዞ የሚዞረው ልጅ ነው የምትሉኝ?» አሉ። እኛም «እርሱ ነው፣ ጋሼ» አልን። አልተደሰቱም።

እርሷም አልተደሰተችም። «ዲግሪ ይዤ አሥረኛ ክፍል ከጨረሰው ልጅ ጋር ቤት ለቤት ልዙር?» ነበር መልሷ። ይህን ቃል በዳባት ከብዙ ምሩቅ ሰምተነዋል። እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ማመልከቻውን ሲጽፍ ምን ብሎ እንደሚጽፍ ማየት ነው። የእርሷን የመጀመሪያ ማመልከቻ አነበብነው። «ከላይ በርእሱ እንደተጠቀሰው በተቋማችሁ ተቀጥሬ አገሬንና ሕዝቤን ለማገልገል ከፍተኛ ፍላጎት ስላለኝ ተፈላጊው ትብብር ይደረግልኝ ዘንድ በትሕትና እጠይቃለሁ» ይላል። ስሟ ተፍቆ የማንም ስም ቢገባበት ያው ነው። ለዩኒቨርሲቲ የተጻፈው ለቡና ኅብረት ሥራ ዩኒየን ቢላክም ያው ነው። ጥፋቱ የእርሷ ብቻ አልነበረም፤ ከትምህርት ቤት እስከ ቀበሌ ድረስ ማመልከቻ የተማርነው እንዲህ እያልን ነው። የጥናት ቡድን የሚቀጥር መምህር ግን ትሕትናዋን ሳይሆን፣ መረጃ ሲሰጧት ምን ታደርግበታለች የሚለውን ነው የሚፈልገው።

በጥቅምት ወር አንድ የጥናት ፕሮጀክት ለወረዳችን መረጃ ሰብሳቢ እንደሚፈልግ ተለጠፈ። ለስንት ወር እንደሆነና የቀን አበሉን አይታ ፊቷን ብታጠቁርም ተመዘገበች፤ ፈተናውን አልፋ ጀመረች። በመጀመሪያው ሳምንት ስትመለስ እግሯ ቆስሎ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ጫማ ቀየረች። በሦስተኛው ሳምንት በእራት ላይ «ሰዎች ዕድሜያቸውን ሲናገሩ የሚገርም ነገር አለ» ብላ ጀመረች። እኛም ማንኪያችንን አስቀመጥን፤ ነገሩ የሚታወቅ ነውና።

በገጠራችን የልደት ቀኑን የሚያውቅ ትልቅ ሰው ጥቂት ነው። ሲጠየቅ በግምት ይናገራል፤ ግምቱም ዜሮና አምስት ላይ ያርፋል። 40፣ 45፣ 50፣ 60 የሚል ይበዛል፤ 43 ወይም 58 የሚል ይጠፋል። መረጃው ወደ ወረቀት ሲገለበጥ በ40 ዓመት ላይ ተራራ፣ በ41 ላይ ገደል ይሆናል። ይህን የሕዝብ ጥናት ባለሙያዎች በዓለም ዙሪያ የሚያውቁት ችግር ነው። መድኃኒቱም የአካባቢ ታሪክ መቁጠሪያ ነው። «ደርግ የመጣ ጊዜ ስንት ዓመትዎ ነበር?» ተብሎ ይጠየቃል፤ 1966 ማለት ነው። «የ77ቱ ድርቅ ጊዜ አግብተው ነበር?» «ኢሕአዴግ ሲገባ ትልቁ ልጅዎ ይሄድ ነበር?» ይባላል፤ ይህም 1983 ነው። በዚህ መንገድ ዕድሜው ወደ እውነቱ ይጠጋል።

አባቷ እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው ይሰሙ ነበር። ከዚያ «እኔ እናቴ የወለደችኝ ረመዳን ሐምሌ ላይ በዋለበት ዓመት ነው፤ ዝናብ እየዘነበ ያፈጥሩ ነበር ብላ ነግራኛለች። ይህስ በቅጽሽ ላይ አለ?» አሉ። አልነበረም። ልጅቱ እስክሪብቶዋን አወጣች። ረመዳን በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ወደ ኋላ ስለሚመለስ ወራቱን ሁሉ ዞሮ ወደ ቦታው የሚመጣው 33 ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። በ1972 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ውሎ ነበር፤ እንደገና ሐምሌ ላይ የዋለው በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ ለምሳሌ በ2005 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ አባቷ በ2005 እንዳልተወለዱ ፊታቸው ይመሰክራልና የሚቀረው 1972 ወይም ከጎኑ ያለው ዓመት ነው። በመታወቂያቸው ላይ ያለው ዕድሜ ከዚህ በአምስት ዓመት ይበልጥ ነበር። «በነፃ አረጀሁ ማለት ነው!» ብለው ሳቁ። ከምርቃቷ ወዲህ ስለ ሥራዋ ሲስቁ የሰማናቸው ያን ዕለት ነው።

ልጅቱ ይህን ይዛ ለተቆጣጣሪዋ ነገረች። ተቆጣጣሪዋም የሙስሊም ቤተሰቦችን ዕድሜ ስትጠይቅ ከሌሎቹ ምልክቶች ጋር ይህንንም እንድትጠቀምበት ፈቀደላት። ለራሷም በደብተር «በዚህ ቤት እንዲህ አሉ፤ በዚህ እንዲህ አስላሁ» እያለች ትይዝ ጀመር። የሰው ስም አልጻፈችም፤ የመለያ ቁጥርም አልጻፈችም። ሰው አምኖ የነገረህን ምሥጢር ይዘህ መዞር በምርምር ሥራ ትልቁ ነውር ነው፤ የዩኒቨርሲቲ የሥነ ምግባር ኮሚቴም ጥናቱን የሚፈቅደው ይህ መጠበቁን አይቶ ነው።

ሥራው ሲያልቅ የልምድ ማስረጃ ጠየቀች። እዚህ ላይ ለቤተሰቦች አንድ ነገር ልናሳስብ እንወዳለን። ብዙ ወጣት ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ከስድስት ወር በኋላ ማስረጃ ሲፈልግ አስተባባሪው ለትምህርት ውጭ ሄዷል፣ ቢሮው ተዘግቷል። ማስረጃው የሚጠየቀው ሥራው ሳያልቅ ነው። «በመልካም ሥነ ምግባር አገልግለዋል» የሚለው ብቻ አይበቃም፤ ምን እንደሠራ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ በምን መሣሪያ፣ ግብር የተቆረጠበት መሆኑም ቢጻፍ ይመረጣል። ከዚህ ሌላ ዲግሪው አለ። የወጪ መጋራቱ ካልተከፈለ ዋናው ዲግሪ ከዩኒቨርሲቲው አይወጣም፤ ልጁ ጊዜያዊ ማስረጃና ስቱደንት ኮፒ ይዞ ይዞራል። አንዳንዱ ቀጣሪ ይቀበላል፤ አንዳንዱ አይቀበልም። ማስታወቂያው «ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ከመነሣት በፊት ስልክ ደውሎ መጠየቅ የትራንስፖርት ገንዘብ ያድናል።

ማስታወቂያ ፍለጋው ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አዲስ ዘመን ጋዜጣ አለ፤ የክልሉ በኩር አለ፤ ዛሬ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቹ በቴሌግራምና በፌስቡክ ያወጣሉ። የመመዝገቢያው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት የሥራ ቀናት አያልፍም። በዳባት ደግሞ መረቡ ሲጠፋ ጋዜጣውም ዘግይቶ ሲመጣ ቀኑ አልፎ ይገኛል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት ኢንተርኔት ተቋርጦ፣ መንገድም ተዘግቶ የከረመበት ጊዜ እንደነበር አንባቢ ያውቃል። ከዚያም በፊት በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ደርሶ ነበር። እንዲህ ባለ አገር የሚወዳደር ልጅ ማስረጃውን ሁሉ አስቀድሞ በስካነር አስነሥቶ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ባለ ዘመድ ዘንድ ማስቀመጥ፣ አስፈላጊ ሲሆንም በውክልና ማስመዝገብ ይችል እንደሆነ ማጣራት አለበት። እኛ አንዱን ስብስብ ጎንደር ባለ የአጎት ልጅ ዘንድ አስቀምጠን ነበር፤ አንድ ጊዜ አድኖናል።

አንድ ጊዜ ግን አላዳነንም። ስሙን የማንጠቅሰው አንድ ዩኒቨርሲቲ ማስታወቂያውን ግቢው ውስጥ ባለ ሰሌዳ ላይ ብቻ ለጥፎ ኖሮ፣ እኛ የሰማነው ምዝገባው ካለቀ በኋላ ነው። በዚህ ጊዜ በቤቱ የተነሣው ወሬ «ያለ ዘመድ አይሆንም፤ ነግረናችሁ ነበር» የሚል ሆነ። አባቷም አንድ የሚያውቁት ሰው እንዳለና «ጉዳዩን ሊያይ» እንደሚችል ተናገሩ። እኛ ዘመድ የሚባል ነገር በአገራችን የለም ብለን ልናስተባብል አንችልም፤ አለ። ይሁን እንጂ በገንዘብና በሰው የገባ ልጅ በምርምር ቤት ምን ይሠራል? በማግሥቱ መረጃ ይሰጡትና «ተንትነህ አምጣ» ይሉታል። ያን ጊዜ ዘመዱ አይደርስለትም። ከዚህም በላይ የሌላ ሰው ልጅ ሐቅ አለበት። እህታችን ይህን ስትሰማ «የሰው ሐቅ በቤቴ አይገባም» ብላ ነገሩን ዘጋችው። የእርሷ ቃል ከእኛ ንግግር ሁሉ በለጠ።

ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ውጭ ያለውንም ማየት ደግ ነው። የአማራ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት በክልሉ ባሉት ማዕከላት ጀማሪ ተመራማሪዎችን ይቀጥራል። በስሜን ተራሮች ላይ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በጭላዳ ዝንጀሮ ላይ ጥናት ሲያካሂዱ ቆይተዋል፤ ከእነርሱም ጋር የአካባቢው ልጆች ዝንጀሮውን በመልኩ እየለዩ ሠርተዋል። ደባርቅ ዩኒቨርሲቲም ሥራ ከጀመረ ጥቂት ዓመታት ሆነው። በ2013 ዓ.ም. የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በተልእኮ ሲለዩ ጎንደርና ባሕር ዳር የምርምር ዩኒቨርሲቲ ከተባሉት 8 መካከል ናቸው፤ ሌሎቹ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ ሐሮማያ፣ መቀሌና አርባ ምንጭ ናቸው። ወደ ውጭ አገር የሚያስብም አለ። በኖርዌይ፣ በስዊድንና በኔዘርላንድ የዶክትሬት ተማሪ ብዙውን ጊዜ ደመወዝተኛ ሆኖ ይቀጠራል፤ ማስታወቂያውም እንደ ማንኛውም ሥራ ይወጣል። ለዚያ የሚጠየቀው ከትምህርት ማስረጃው ሌላ የሕይወት ታሪክ፣ ለምን ያንን ጥናት እንደሚፈልግ የሚገልጽ ደብዳቤና ስለ እርሱ የሚመሰክሩ መምህራን ስም ነው። እዚህ ላይ ወላጆች ይጠንቀቁ፤ «ሥራው ተገኝቷል፤ የማስኬጃ ብቻ ላኩ» የሚል ደላላ ሁሉ አታላይ ነው። ደህና ዩኒቨርሲቲ ሊቀጥረው ከሚፈልገው ሰው የማስቀጠሪያ ገንዘብ አይጠይቅም።

ረመዳን ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አንድ ዩኒቨርሲቲ ለረዳት ምሩቅነት አወጣ። ሁለተኛውን ማመልከቻዋን የጻፈችው ያን ጊዜ ነው። አንድ ገጽ አልሞላም። በየትኛው ጥናት፣ በስንት ቤት፣ ምን እንደጠየቀች ጻፈች። ከዚያ ዕድሜ በዜሮና በአምስት ላይ እንደሚከማች እንዳየች፣ በአካባቢ ታሪክና በረመዳን ዙር እንዴት ለማቃናት እንደሞከረች፣ ይህንንም በሚገባ ለማጥናት እንደምትፈልግ ገለጸች። «በትሕትና» የሚለው ቃል በመጨረሻው መስመር ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ቀረ። እኛም ይቅር አልን፤ ልማድ ነው።

የጽሑፍ ፈተናውን አለፈች። ለቃል ፈተናው አባቷ ራሳቸው ይዘዋት ሄዱ። ሦስት መምህራን ተቀምጠው ስለ ትምህርቷ ከጠየቋት በኋላ፣ አንደኛው ማመልከቻዋን ገልጦ «ከሰበሰብሽው መረጃ ውስጥ ራስሽ ያላመንሽው ነበር ወይ?» አላት። እርሷም «አዎ፤ ያላመንኩትን ግን አልቀየርኩትም። ሰውዬው ያለውን ጻፍኩና የእኔን ስሌት በጎኑ ያዝኩ» ብላ መለሰች። መምህራኑ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ በኋላ ስለ ረመዳኑ ዙር ደቂቃዎች ወሰደባቸው፤ ከሦስቱ አንዱ የራሱን እናት ዕድሜ ለማስላት ሞክሯል ብላናለች።

ውጤቱ ሲወጣ ሁለተኛ ተጠባባቂ ሆነች። በአንድ ቦታ 60 ሰው ተወዳድሮ ሦስተኛ መውጣት ቀላል ባይሆንም ለቤቱ ግን ሥራ አይደለም። ረመዳኑ ገባ። አባቷ ያሉት ቀን ደረሰ ማለት ነው። እኛ በዚያ ሳምንት ስለ ነገሩ ሳናነሣ ቆየን። በኋላ አንድ ማታ ከተራዊሕ ሲመለሱ «ያ የጥናት ማዕከል እንደገና ሰው ይፈልጋል ይባላል፤ አይታችኋል?» አሉን። አይተን ነበር። በዚህኛው የተለጠፈው ለተቆጣጣሪነት ነው። ተመዘገበች፤ የቀድሞው የልምድ ማስረጃዋም ተቀባይነት አገኘ። አሁን በየሳምንቱ የአሥር መረጃ ሰብሳቢዎችን ቅጽ ታርማለች፤ በተጠባባቂነት የያዛት ዩኒቨርሲቲም ዝርዝሩን አልሰረዘም።

አባቷ ማስረጃዋን ከንግድ ፈቃዳቸው ጋር በአንድ የፕላስቲክ ክላሰር ውስጥ አስቀምጠውታል። ለዕቃ ወደ ጎንደር በወረዱ ቁጥር በዩኒቨርሲቲው በር በኩል አልፈው ሰሌዳውን ያያሉ፤ የማያነቡት ጽሑፍ ካለ በስልካቸው ፎቶ አንሥተው ይልካሉ። ባለፈው ሳምንት የላኩት ለጥበቃ ሠራተኛ የወጣ ማስታወቂያ ነበር። ልጅቱም «አባዬ፣ ይህስ ለእርስዎ ይሆናል» ብላ መለሰችላቸው።